«ካርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ የተባለ ነፃ ሥርዓተ ክወና ከተጫነባቸው በኋላ ዋይፋያቸው አልሠራ ያለ ያገለገሉ ላፕቶፖች ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደምሠራበት ጥገና ቤት በብዛት ይመጣሉ። የሚያመጧቸው መምህራን፣ ተማሪዎችና የወረዳ ሠራተኞች ናቸው፤ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌና ከዓለም ከተማ ድረስ ላፕቶፑን ይዘው አውቶቡስ የሚሳፈሩም አሉ። ብዙዎቹ ወደ እኛ ከመድረሳቸው በፊት ሌላ ቦታ «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል» ወይም «ሊኑክስ ከዚህ ማሽን ጋር አይስማማም» ተብለዋል። ይህ ፍርድ በአብዛኛው ልክ አይደለም። ካርዱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ወይም የታገደው ነገር ከካርዱ ውጭ ነው፤ በቅደም ተከተል ለፈተሸውም ይገኛል። ሰዎች ለማያስፈልጋቸው ካርድ ገንዘብ ሲከፍሉ፣ ይባስ ብሎም ፈቃድ የሌለውን ዊንዶውስ ምንጩ ከማይታወቅ ፍላሽ መልሰው ሲያስጭኑ ማየቱ ስለሚያሳዝነኝ፣ ነገሩን ለአንባቢዎቻችሁ ዘርዘር አድርጌ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የዋይፋይ ካርድ በውስጡ የራሱ ትንሽ ፕሮሰሰር ያለው ዕቃ ነው። ሥራ ለመጀመር በአብዛኛው ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል፤ አንደኛው ከርነል በሚባለው የሊኑክስ አስኳል ውስጥ ሆኖ ካርዱን የሚያዝዘው ድራይቨር ሲሆን፣ ሁለተኛው ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ድራይቨሩ ወደ ካርዱ የሚጭነው ፈርምዌር የተባለ ፋይል ነው። ድራይቨሩን የከርነሉ ገንቢዎች ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው በሚችል መልክ ይጽፉታል፤ ፈርምዌሩ ግን የአምራቹ ንብረት ሆኖ፣ ምንጩ ተዘግቶ፣ አምራቹ ባስቀመጠው ፈቃድ ብቻ የሚሰራጭ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ከርነል ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ሰርቨሮችን፣ የአንድሮይድ ስልኮችንም ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ አልከፍት የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህች አንዲት ፋይል በቦታዋ ስላልተገኘች ነው።

አምራቾቹ በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳዩት ጠባይ እጅግ የተለያየ ስለሆነ፣ የካርዱን አምራች ማወቅ የግማሽ መንገድ ያህል ነው። ኢንቴል ለካርዶቹ የሚሠራውን ድራይቨር ራሱ ወደ ከርነሉ ያስገባል፤ ፈርምዌሩም እንዲሰራጭ ፈቅዷል፤ ስለዚህ የኢንቴል ካርድ ያለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ እንደተጫነበት ዋይፋዩ ይነሳል። ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ኤቲኤች9ኬ የተባለው ክፍት ድራይቨር ያላቸው የቆዩ የአቴሮስ ካርዶችም፣ ከኮምፒውተሩ የሚጫን ፈርምዌር ጨርሶ ስለማይፈልጉ እስከ ዛሬ ከሁሉም ያነሰ ችግር ያለባቸው ናቸው። ብሮድኮም ግን ለብዙ ዓመታት ለሊኑክስ ገንቢዎች ሰነድ ስላልሰጠ፣ በጎ ፈቃደኞች ዝጉን ድራይቨር መመርመር ነበረባቸው፤ አንዱ ቡድን የካርዱን አሠራር በጽሑፍ ያሰፍራል፣ ሌላው ቡድን ዝጉን ኮድ ሳያይ ከዚያ ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ አዲስ ኮድ ይጽፋል፤ ዛሬ ቢ43 የምንለው ድራይቨር በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። ይህ ሥራ የጠየቀውን ትዕግሥት ሳስብ ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍተኛ ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 ለተወሰኑ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር አወጣ፤ ይሁን እንጂ እንደ ቢሲኤም43142 ያሉት ካርዶቹ አሁንም ደብልዩኤል የሚባለውን ዝግ ድራይቨር ይፈልጋሉ። የሪልቴክ ካርዶች ደግሞ ርካሽ በሆኑ ላፕቶፖች ላይ ስለሚበዙ በእኛ ገበያ ዘወትር ያጋጥሙናል፤ የእነሱ ችግር በአመዛኙ የዕድሜ ነው፤ አዲሱ ካርድ በአሮጌ ከርነል አይታወቅም። ለምሳሌ ኡቡንቱ 20.04 የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት መጀመሪያ ሲወጣ ይዞት የነበረው ከርነል 5.4 ሲሆን፣ በብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው አርቲኤል8821ሲኢ ግን ድጋፍ ያገኘው ከከርነል 5.9 ጀምሮ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ካርድ መግዛት ሳይሆን አዲስ ከርነል መጫን ነው።

ሊኑክስን ለተጠቃሚው አዘጋጅተው የሚያቀርቡት የሥርጭቶቹም፣ የእነ ዴቢያንና ኡቡንቱ፣ ውሳኔ መታወቅ አለበት። ዴቢያን በነፃ ሶፍትዌር መርሑ ጸንቶ ለዓመታት ዝግ ፈርምዌርን ከዋናው መጫኛው ለይቶ ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ አባላቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ድምፅ ሰጥተውበት ደንቡ ከተለወጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ ከመጫኛው ጋር አብሮ ይመጣል። መርሑን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከዋይፋይ በስተቀር ሌላ የኢንተርኔት መንገድ ለሌለው የመንዝ መምህር የኋለኛው ውሳኔ ይበልጥ ርኅራኄ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወሩት ፍላሾች ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ውሳኔ በፊት የወጣ ዕትም ስለሆነ፣ መጫን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የዕትሙን ቁጥር ይመልከት።

ከሁሉም በላይ ሰዎችን ተስፋ የሚያስቆርጣቸው ዋይፋዩን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ፋይል ኢንተርኔት ላይ መሆኑ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ዋይፋይ አለመገኘቱ ነው። ገመድ ያለው ኔትወርክ በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ካልሆነ በቀር በቤት ብዙም አይገኝም፤ አንዳንዶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖችም የገመድ መሰኪያው የላቸውም። መፍትሔው ግን በየኪሳችን ያለው ስልክ ነው። የአንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፣ በስልኩ ሴቲንግ ሆትስፖትና ቴዘሪንግ ከሚለው ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ማብራት ብቻ ይበቃል፤ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትወርክ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስላለ ምንም ነገር መጫን አያስፈልግም። ስልኩ በራሱ ዋይፋይ ከአንድ ቦታ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ፣ ያንኑ ግንኙነት በገመዱ በኩል ወደ ላፕቶፑ ማሳለፍ ይችላል፤ የሞባይል ዳታ ካርድ እንኳ አይነካም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በገበያ ላይ ካሉት ገመዶች አንዳንዶቹ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ዳታ የማያሳልፉ መሆናቸው ነው፤ ቴዘሪንግ የሚለው አማራጭ ደብዝዞ አልነካ ካለ በመጀመሪያ ገመዱን መለወጥ ያሻል።

የሞባይል ዳታ ለሚጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፑ ኢንተርኔት እንዳገኘ ወዲያው ሙሉ ዝማኔ ልጀምር ሊል ስለሚችል፣ በኔትወርክ ሴቲንጉ ላይ ግንኙነቱ በክፍያ የሚለካ መሆኑን መምረጥና ዝማኔውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ብልህነት ነው። ዴቢያን ፈርምዌሩን በአምራች በአምራች ከፋፍሎ ስለሚያቀርብ የሪልቴኩን ወይም የኢንቴሉን ብቻ ለይቶ ማውረድ ይቻላል። የኡቡንቱ መጫኛ ፍላሽ ደግሞ በብዙዎቹ ዕትሞች የብሮድኮምን ዝግ ድራይቨር በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ፣ ፍላሹን ሰክቶ ተጨማሪ ድራይቨሮች ከሚለው መስኮት መጫን ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ዳታ ያተርፋል።

አሁን ወደ ፍተሻው ልግባ፤ ቅደም ተከተሉ ትልቅ ዋጋ አለው።

መጀመሪያ የሚታየው እገዳ ነው። ብዙ ላፕቶፖች በጎናቸው ትንሽ የዋይፋይ ማብሪያ፣ ወይም በላይኛው የቁልፍ ረድፍ ላይ የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ አላቸው። ተርሚናል በሚባለው የትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት የሚጻፈው አርኤፍኪል የተባለው ትዕዛዝ ካርዱ በሶፍትዌር ወይም በሃርድዌር ታግዶ እንደሆነ ለይቶ ያሳያል፤ የሶፍትዌሩን እገዳ በዚያው ትዕዛዝ ማንሣት ይቻላል፤ የሃርድዌሩ እገዳ ግን የሚነሣው በማብሪያው ወይም ላፕቶፑ ሲከፈት ቀድሞ በሚነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ በባዮስ፣ ውስጥ ባለው ምርጫ ነው። በአንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓድ ሞዴሎች ላይ ግን ማብሪያው ጨርሶ ሳይኖር አይዲያፓድ ላፕቶፕ የሚባለው የከርነል ሞጁል (ከከርነሉ ጋር የሚጫን ተጨማሪ ክፍል) ካርዱን በሃርድዌር እንደታገደ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ያን ሞጁል ማውጣት ዋይፋዩን ይመልሰዋል። «ተቃጥሏል» ተብሎ የመጣ ካርድ በዚህ አንድ እርምጃ ተነሥቶ ባለቤቱ ሲደነቅ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ የካርዱን ማንነት ማረጋገጥ ነው። ኤልኤስፒሲአይ የሚባለው ትዕዛዝ ከማዘርቦርዱ ጋር የተገናኙትን ካርዶች በስም፣ በመለያ ቁጥርና በያዛቸው ድራይቨር ይዘረዝራል፤ በዩኤስቢ ለተሰኩት ደግሞ ኤልኤስዩኤስቢ የሚባል አቻው አለ። የመለያው የመጀመሪያ ክፍል አምራቹን ያመለክታል፤ ለምሳሌ 8086 የኢንቴል ነው። በላፕቶፑ ጀርባ ወይም በካርቶኑ ላይ በተጻፈው መተማመን አይገባም፤ አንድ ሞዴል በአንዱ ዓመት በኢንቴል፣ በሌላው በሪልቴክ ካርድ ሊወጣ ይችላል። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ከታየ በአብዛኛው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ተቃጥሏል የሚለው ንግግር እዚህ ላይ መቆም አለበት። ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያም ካርዱን ከመቀመጫው ነቅሎ መልሶ መሰካት ይገባል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልታየ ያን ጊዜ ስለ መተካት መነጋገር ይቻላል።

ካርዱ እየታየ ድራይቨር ካልያዘው ወይም ይዞት ካልሠራ፣ ዲሜሴጅ በሚባለው ትዕዛዝ የከርነሉን መልእክት ማንበብ ነው። ሊኑክስ በሽታውን የሚደብቅ ሕመምተኛ አይደለም፤ የትኛውን የፈርምዌር ፋይል ፈልጎ እንዳጣ በስሙ ጠርቶ ይናገራል። ጠጋኞች ይህችን መስመር ሳያነቡ ዊንዶውስ ወደ መመለስ መሄዳቸው የማልቀበለው ነገር ነው፤ መልሱ እዚያው ተጽፎ ነበርና።

ፈርምዌሩም ድራይቨሩም ተጭነው ዋይፋዩ አልነሣ ሲል፣ በዝጎቹ ድራይቨሮች ረገድ ከሁሉም የሚበዛው ምክንያት ሴኪዩር ቡት ነው። ይህ የጥበቃ ዘዴ ሲበራ ከርነሉ ፊርማ የሌለውን ሞጁል አይቀበልም። ኡቡንቱ እንዲህ ያለ ድራይቨር ሲጭን የይለፍ ቃል እንድናወጣ ይጠይቅና ላፕቶፑ ዳግም ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፤ በዚያ ገጽ ላይ የፊርማውን ቁልፍ ለመመዝገብ የቀረበውን አማራጭ መርጠን ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት አለብን። ገጹ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ያልፋል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ «ተጭኗል» እየተባለ አይሠራም።

ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን የያዙ ሰዎች ደግሞ የዊንዶውሱን ፈጣን አነሣስ (ፋስት ስታርትአፕ) ያጥፉ። ይህ ምርጫ በርቶ ሳለ ዊንዶውስ ሲዘጋ በከፊል ይተኛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ካርዱንም ሊኑክስ ሊያስነሣው በማይችልበት ሁኔታ ትቶት ሊሄድ ይችላል።

ዋይፋይ የሚሠራ ሆኖ ሲግናሉ እጅግ ደካማ የሚሆንበት፣ ከራውተሩ አጠገብ ካልተቀመጡ የማይዝበት ሁኔታም አለ። አርቲኤል8723ቢኢ የሚባለው የሪልቴክ ካርድ ያለባቸው በርካታ የኤችፒ ላፕቶፖች ከሁለቱ የአንቴና መሰኪያዎች በአንዱ ላይ ብቻ አንቴና ተሰክቶላቸው የወጡ ሲሆን፣ ድራይቨሩ ባዶውን መሰኪያ ሊመርጥ ይችላል። አንት ሴል የተባለውን የድራይቨሩን ምርጫ 1 ወይም 2 ማድረግ ሲግናሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ግንኙነቱ በየጥቂት ደቂቃው የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ በኔትወርክ ማኔጀር የዋይፋይ ኃይል ቁጠባውን ማጥፋት፣ ማለትም በማዋቀሪያው ፋይል ላይ 3 የሚለውን ቁጥር ወደ 2 መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስልኩ የሚያየውን ኔትወርክ ላፕቶፑ ብቻ የማያይ ከሆነ የራውተሩን ቻናል መመልከት ተገቢ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ ተሠርተው የመጡ ካርዶች ቻናል 12ን እና 13ን ላይቀበሉ ስለሚችሉ፣ ራውተሩን በቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ማድረግ ነገሩን ይፈታዋል።

ሌላው፣ በአካባቢያችን ጎልቶ የሚታየው ምክንያት መብራት ነው። የቆየ ላፕቶፕ ባትሪው ስለደከመ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ይህ የሆነው ከርነል በመዘመን ላይ እያለ ከሆነ ለአዲሱ ከርነል መሠራት የነበረበት የዋይፋይ ድራይቨር ሳይሠራ ይቀራል፤ ባለቤቱም ትናንት ይሠራ የነበረው ዋይፋይ ዛሬ ያለ ምክንያት እንደጠፋ ያስባል። ማሽኑ ሲነሣ ከሚታየው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ መግባት፣ ከዚያም ዲፒኬጂ በሚባለው ትዕዛዝ የተቋረጠውን ጭነት ማስጨረስ ይገባል። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ የሞተባቸው ላፕቶፖችም ቀናቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዋይፋዩ ተገናኝቶ ሳለ ድረ ገጾች አይከፈቱም፣ የዝማኔው ማዕከልም አይቀበልም፤ እዚህ ላይ መስተካከል ያለበት ቀኑ ነው።

ካርድ መተካት የግድ በሚሆንበት ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ የቆዩ የኤችፒና የሌኖቮ ሞዴሎች ባዮሳቸው ከተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር ውጭ የሆነን ካርድ አይቀበልም። እንደ ኤኤክስ201 ያሉ የኢንቴል ካርዶች ለዚሁ በተዘጋጀ የኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ብቻ የሚሠሩ ሲሆን፣ ኤኤክስ200 ግን ራሱን የቻለ ስለሆነ መሰኪያው ባላቸው በሌሎችም ላይ ይሠራል። ስለ ርካሾቹ የዩኤስቢ ዋይፋይ ዶንግሎች የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽፋኑ አንድ ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ ሊለያይ ስለሚችል፣ ሻጩ ሊኑክስ ባለበት ማሽን ላይ ሰክቶ ካላሳየ መግዛት አይመከርም።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ወገኖችን በጋዜጣችሁ በኩል መጠየቅ እወዳለሁ። ያገለገሉ ላፕቶፖችን የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይዞት የመጣውን የሊኑክስ ፍላሽ ሰክቶ ማሽኑን ከፍላሹ እንዲያስነሣና ዋይፋዩን እንዲሞክር ፍቀዱለት፤ በዲስኩ ላይ ያለው ምንም ነገር አይነካም፣ ጊዜውም አጭር ነው። ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የምትገዙ የግዥ ሠራተኞች፣ በዝርዝር መግለጫው ላይ ፕሮሰሰሩንና ሚሞሪውን እንደምታሰፍሩ ሁሉ የዋይፋይ ካርዱን አምራችና ሞዴል አስፍሩ፤ ይህ መስመር ባለመኖሩ አንድ ክፍል ሙሉ ላፕቶፕ ተገዝቶ ተማሪዎቹ ኔትወርክ አጥተው ሊቀመጡ ይችላሉ። የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ ካርድ ሞቷል ብላችሁ ለባለቤቱ ስትነግሩ የኤልኤስፒሲአይን ዝርዝርና የከርነሉን መልእክት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ከመሐል ሜዳ አውቶብስ ተሳፍሮ የመጣ ሰው የቀኑን ሥራና የመሳፈሪያውን ገንዘብ ከፍሎ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ባለሙያ አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችል ማስረጃ ይዞ የመመለስ መብት አለው።

ዝግጅት ክፍሉ ቦታ የሚሰጠኝ ከሆነ፣ በገበያችን በብዛት የሚገኙትን ካርዶች ከሚያስፈልጋቸው ድራይቨርና ከሚደግፋቸው የመጀመሪያው የከርነል ዕትም ጋር በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ